በላስ ቬጋስ ዙሪያ ባሉ የበረሃ ተራሮች የቀን የእግር ጉዞ አመራረጥ

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ በሞሃቪ በረሃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ተራራ በመሆኑ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ቤት ለመመለስ የሚያመቹ የእግር መንገዶች ሞልተዋታል። አብዛኛው ሰው መንገድ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው፤ በበረሃ ግን ከርቀቱ በፊት ወቅቱ፣ ከፍታውና ጥላው ሊታዩ ይገባል።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ተመራጩ ስፍራ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ሬድ ሮክ ካንየን ነው። በውስጡ 21 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ የመኪና መንገድ ሲኖር፣ በእነዚህ ወራት በዚህ መንገድ ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚስማማው ደርሶ መልሱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ካሊኮ ታንክስ ነው። መንገዱ በአሸዋማ ደረቅ ወንዝ ይጀምርና በድንጋይ ደረጃዎች ላይ እየወጣ ወደ ራቁት ቀይ አለት ይሸጋገራል፤ መጨረሻው ላይ የዝናብ ውኃ የሚያቁር የተፈጥሮ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው ጥቂት አለፍ ሲሉም ከተማዋ ቁልቁል ትታያለች። በዚህ መንገድ ላይ ጥላ እምብዛም ስለሌለ፣ ፀሐይ የሚከብደው ሰው ግራና ቀኙ በረጃጅም ገደል የታጠረውንና ከውጭው ቀዝቀዝ የሚለውን አይስ ቦክስ ካንየንን ቢመርጥ ይሻለዋል። ተርትልሄድ ፒክ ግን ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ አቀበት ስላለው ለጠንካራ ተጓዥ ብቻ የሚሆን ነው።

ሙቀቱ በሚበረታበት በበጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ምርጫው ፈጽሞ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2024 በከተማዋ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል፤ በዚህ ወቅት በቆላው መጓዝ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ቆላና ደጋን ለይቶ ላደገ ሰው መፍትሔው ግልጽ ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ጫፉ 3,632 ሜትር ወደሚደርሰው ማውንት ቻርልስተን ማቅናት ነው። ጥድ በለበሰው በዚህ ተራራ ላይ ያሉ አንዳንድ መንገዶች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በሂላሪ ማዕበል ጎርፍ ክፉኛ ተጎድተው ስለነበር፣ የሚሄዱበት መንገድ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በየትኛውም ወቅት ውኃ ከሁሉ ይቀድማል። አየሩ እጅግ ደረቅ በመሆኑ ላብ ወዲያው ይተናል፤ ስለዚህ ሰው ብዙ ፈሳሽ እያጣም ያላበው አይመስለውም። ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው 4 ሊትር ያህል መያዝ የሚመከር ሲሆን፣ ግማሹ ሲያልቅ መድረሻው ቅርብ ቢመስልም መመለስ ይገባል።

ዝናብም የራሱ አደጋ አለው። የበጋ ነጎድጓድ ከሩቅ ተራራ ላይ ቢዘንብ እንኳ ደራሽ ጎርፉ ፀሐይ ወደወጣበት ሸለቆ ሊወርድ ይችላል፤ የሬድ ሮክ አሸዋ ድንጋይም ውኃ ሲጠጣ ስለሚላላ፣ አለት የሚወጡ ሰዎች እስኪደርቅ ድረስ ይታገሳሉ።