ሪመምበር ወይስ ሪማይንድ? የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትና የተሳሳቱ እምነቶቻችን

«ቃላቱ የሚምታቱብኝ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአማርኛችን ነው። «እንድደውልለት አስታውሰኝ» ለማለት «ሪመምበር ሚ ቱ ኮል ሂም» የሚል ሰው ሞልቷል። ለምን? እኛ ዘንድ «አስታወሰ» ሁለት ሥራ ይሠራል። «ስሙን አስታወስኩት» እንላለን፤ «ቀጠሮዬን አስታወሰኝ»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ራስህ ስታስታውስ ሪመምበር፣ ሌላ ሰው ሲያስታውስህ ሪማይንድ ይላል።

«አየ»ም እንዲሁ ነው። ዓይን ውስጥ የገባውን ማየት ሲ ነው። ሆን ብሎ ዓይንን ወደ አንድ ነገር መላክ ሉክ አት ይባላል። የሚንቀሳቀስ ነገርን መከታተል ደግሞ ዎች ነው፤ ኳስ፣ ቴሌቪዥን፣ ደጅ የሚጫወት ልጅ።

«እንግሊዝኛ ስትማር አማርኛን እርሳው»

ይህ ምክር አይዋጥልኝም። ቦሮው እና ሌንድ የሚያምታታቸው ሰዎች መልሱን አፋቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚዞሩት። ቦሮው መዋስ ነው፤ ሌንድ ማዋስ። «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» ማለት እኮ «እስክሪብቶህን ትዋሰኛለህ?» ማለት ነው! በአማርኛ ስትሰሙት ወዲያው ይጎረብጣል። ለርን እና ቲችም ያው ናቸው፤ «አስተማረኝ» ለማለት «ተማረኝ» የሚል የለም።

እንዲያውም እዚህ ላይ አማርኛ ይበልጣል። እኛ ገንዘብና እህል እንበደራለን፣ መጽሐፍና ድስት እንዋሳለን። እንግሊዝኛ ሁሉንም ቦሮው ብሎ ይገላገለዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን አለ። መስማት እና ማዳመጥ ከሂር እና ሊስን ጋር ልክ ይገጥማሉ። በወሬ መሀል ግን «ስማኝማ!» እንላለን። ይህን በቀጥታ «ሂር ሚ» ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ ሊስን ቱ ሚ ነው።

«የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን መሸምደድ ጥሩ ነው»

የቃላት ዝርዝር ደብተሮች ይህን ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ቶማስ ቲንክሃም፣ በ1997 ደግሞ ሮብ ዋሪንግ ባካሄዷቸው ሙከራዎች የታየው ግን ተቃራኒው ነው። በትርጉም የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ተቸግረዋል። ቃላቱ አእምሮ ውስጥ እርስ በርስ ይደነቃቀፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሌንድን ብቻ ያዙ። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት፣ ተናገሩበት። አፋችሁ ሲለምደው ወደ ቦሮው እለፉ።

«አፌክት ግስ፣ ኢፌክት ስም፤ አለቀ!»

አፌክት ተጽዕኖ ማሳደር ነው፤ ኢፌክት ውጤት። ሕጉ ለአብዛኛው ጊዜ ይሠራል። ኢፌክት ግን ግስም ይሆናል፤ ያኔ አንድን ለውጥ እውን ማድረግ ማለት ነው። መደበኛ ጽሑፍ ላይ ስታገኙት ስህተት ነው ብላችሁ እንዳትሰርዙት።

«በሚቆጠር ነገር ላይ ሌስ ማለት ጥንትም ክልክል ነበር»

አልነበረም። ሌስም ፊወርም «ያነሰ» ማለት ናቸው፤ ለሚቆጠር ነገር ፊወር ይባል የሚለውን ሐሳብ ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1770 ያሰፈረው እንደ ግል ምርጫው ነው፤ ፊወር ቢባል ደስ ይለኛል ከማለት አላለፈም። ቆይቶ ሰዎች ሕግ አደረጉት። እንግሊዞች ዛሬም ሲያወሩ ሌስ ይላሉ። ፈተና ላይ ግን ከአራሚ ጋር አትጣሉ፣ ፊወር ጻፉ።

«ኮምፒውተሩ ያርምልኛል»

ኳይት (በጣም) እና ኳየት (ጸጥ ያለ) በሁለት ፊደል መቀያየር ብቻ ይለያያሉ። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ተራው የፊደል አራሚ ቀይ መስመር ላያሰምርባቸው ይችላል።

«ሁለት ዓይነት ከተጻፈ አንዱ የግድ ስህተት ነው»

ፕራክቲስን ተመልከቱ። በእንግሊዝ አጻጻፍ ስሙ በሲ፣ ግሱ በኤስ ይጻፋል። አሜሪካኖች ሁለቱንም በሲ ይጽፋሉ። ላይሰንስ ላይ ደግሞ አሜሪካኖቹ ይገለብጡትና ሁለቱንም በኤስ ያደርጉታል፤ ለምን እንደሆነ እነሱን ጠይቁ። የእናንተ ሥራ አንዱን መርጦ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ በዚያው መዝለቅ ነው።