ማሟሸት ምንድን ነው?

ማሟሸት ማለት ከገበያ የመጣ አዲስ የሸክላ ዕቃ ለወጥ፣ ለእንጀራ ወይም ለቡና ከመዋሉ በፊት፣ በእሳት እያሞቁ ግድግዳው ቅባት ወይም ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ እስኪጠግብ ድረስ ማለማመድ ነው። «የሰው አፍ ማሟሻ ሆነ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ ማሟሻው ሥራውን ከሠራ በኋላ ይደፋል እንጂ ለማዕድ አይቀርብምና።

ብዙ ሰው ማሟሸትን እንደ እጥበት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ሸክላ ሠሪዋ የጀመረችውን ሥራ ገዢው የሚጨርስበት ደረጃ አድርጌ ነው የማየው። በወሎ ገጠር ሠሪዋ የደረቀውን ዕቃ ሜዳ ላይ ደርድራ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ ሸፍና ትተኩሰዋለች። እንዲህ ያለው ክፍት እሳት በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ከጭቃው ማዕድን ጋር የተሳሰረውን ውሃ አስወጥቶ ሸክላው ዳግመኛ እንዳይሟሟ ያደርገዋል፤ እንደ ሲኒ በከፊል ቀልጦ እንዲጋጠም ግን ወደ 1,200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ግድግዳው ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች እንደተሞላ ይቀራል።

እነዚህን ቀዳዳዎች ጉድለት ማለት ግን ስሕተት ነው። ድስት ነበልባል ሲያገኘው ታቹ ከላዩ ቀድሞ ስለሚለጠጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ስንጥቁ ከቀዳዳ ወይም ሠሪዋ ከጭቃው ጋር ካዋሐደችው የተፈጨ ገል ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል። የፋብሪካ ሲኒ ፍም ላይ የማይጣደው፣ የገበያ ድስት ግን ዓመታት የሚጣደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሟሟሹ እንደ ዕቃው ይለያያል። ምጣድ በዝግታ እየሞቀ የተፈጨ ጎመንዘር ይነሰነስበትና በጨርቅ ይታሻል፤ ዘይቱ እየተቃጠለ ስስ ጥቁር ልባስ ይሠራል፤ ይህም እንጀራው ሳይይዝ እስኪነሣ ይደጋገማል። በድስት ውስጥ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ይፈላል፤ ዱቄቱ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። በጀበና ደግሞ የቡና አተላ በውሃ ተደጋግሞ እየፈላ ይደፋል፤ አለበለዚያ አቦሉ አፈር አፈር ይላል።

ችኮላ ምን እንደሚያደርግ በራሴ እጅ አይቻለሁ። ሰኞ ከባቲ ገበያ ጀበና ስገዛ ሻጯ በጣቷ ኳ አድርጋ ጥርት ያለ ድምፁን አሰምታኝ ነበር፤ የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ የታፈነ ይሆናልና። ደሴ ገብቼ ባዶውን ፍም ላይ ጥጄ፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርሁበት። ጧ አለና ከአንገቱ ሥር እስከ ሆዱ ተተረተረ።

የውሃ እንስራ በቅባት አይሟሽም፤ ውሃው በግድግዳው ወዝቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ይህ ጥቅም ይቀራል። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው ደግሞ ለጽዳትና ለመዓዛ ነውና ከማሟሸት ይለያል።

የተሟሸ ዕቃ በሙቅ ውሃ ብቻ ይታጠባል። ሳሙና ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ በሚቀጥለው ወጥ ወይም ቡና ውስጥ ስለሚወጣ፣ ይህ የደረሰበት ሰው ጀበናውን እንደገና ከማሟሸት ሌላ የተሻለ አማራጭ የለውም።