ለመጠጣት የማይከፈተው ውስኪ፦ አሮጌ ሲንግል ሞልት በጨረታ ገበያ

በኅዳር ወር 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለንደን ውስጥ ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ቤት አንድ ጠርሙስ ውስኪ ለጨረታ አቀረበ። መዶሻው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ላይ ወደቀ። የአጫራቹ ኮሚሽን ሲታከልበት ገዢው ከ2.18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። ለአንድ ጠርሙስ!

ጠርሙሱ ማካለን የተባለው የስኮትላንድ ማምረቻ የ1926 ውስኪ ነው። በዚያ ዓመት ተጠምቆ 60 ዓመት በርሜል ውስጥ ተኛ። በ1986 ሲቀዳ የወጣው 40 ጠርሙስ ብቻ ነበር። የተሸጠው ሌብሉን ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቫሌሪዮ አዳሚ የሠራለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሌብል ያላቸው 12 ብቻ ናቸው። ከጨረታው በፊት ማካለን ራሱ ቡሹን ቀየረው፣ የሌብሉን ጠርዝ አጣበቀው። እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥም 1 ሚሊ ሊትር ቀድቶ ከሌላ የ1926 ጠርሙስ ጋር አስተያየ።

ሲንግል ሞልት ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራ ውስኪ ነው። አዎ፣ ለጠላ የምናበቅለው ዓይነት ብቅል። “ሲንግል” የሚያሰኘው ከአንድ ማምረቻ ብቻ መውጣቱ ነው። ፍላቱ እንደ አረቄ ነው፤ ጋኑ ግን ከመዳብ የተሠራ ነው። ስኮች ለመባል ደግሞ እዚያው ስኮትላንድ፣ በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ይተናል፤ ስኮትላንዶች “የመላእክት ድርሻ” ይሉታል። መላእክቱ 60 ዓመት ሲጠጡ ለሰው የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውስኪ ዕድሜ የሚቆጥረው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ቡፌ ውስጥ 30 ዓመት የቆመ የ12 ዓመት ውስኪ ዛሬም የ12 ዓመት ውስኪ ነው። ዋጋው ግን ሊጨምር ይችላል፤ ጓደኞቹ ተጠጥተው አልቀዋላ። በነገራችን ላይ ማቆሙ ራሱ ትክክል ነው። እንደ ወይን ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

የተዘጉ ማምረቻዎች ጉዳይም አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስኮትላንድ ውስኪ ተትረፈረፈባትና ብዙ ማምረቻ ተዘጋ። አይላ ደሴት ያለው ፖርት ኤለንና በሰሜን ያለው ብሮራ የቆሙት በ1983 ነው። በበርሜሎቻቸው የቀረው ውስኪ ከዓመታት በኋላ የሰብሳቢ መሻሚያ ሆነ። ብሮራ በ2021፣ ፖርት ኤለን በ2024 እንደገና ቢከፈቱም የድሮው የድሮ ነው።

ለጨረታ የግድ ሚሊየነር መሆን አያስፈልግም። በኢንተርኔት የሚያጫርቱ የስኮትላንድ ድርጅቶች በየወሩ በሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ ያቀርባሉ፤ አብዛኛው ዋጋው መካከለኛ ነው። ያተርፋል ብሎ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2022 ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል፤ በውድ ጊዜ የገዛ ብዙ ሰው ከስሯል።

ከኪሳራው የባሰው ፎርጅድ ነው። ዕድሜ የሚመረመረው በካርበን ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተደረገው የኑክሌር ቦምብ ሙከራ አየሩ ላይ ምልክት ትቷል፤ ገብሱም ያንን ምልክት ይዞ ይበቅላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ተሠራ የተባለ ውስኪ ምልክቱ ከተገኘበት ፎርጅድ ነው። በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ እንዲህ ከተመረመሩ 55 ጠርሙሶች 21ዱ ፎርጅድ ሆነው ተገኙ።

በ2017 ደግሞ አንድ ቻይናዊ እንግዳ ሳንክት ሞሪትዝ፣ ስዊዘርላንድ ባለ ሆቴል “የ1878 ማካለን” ተብሎ አንድ መለኪያ በ9,999 ፍራንክ ጠጣ። ፎቶውን ያዩ ሰዎች ጠረጠሩ። ኦክስፎርድ ተልኮ ሲመረመር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሲንግል ሞልት እንኳ አልነበረም፤ ቅይጥ ነው። የሆቴሉ ኃላፊም ጉዱን ካየ በኋላ ቻይና ድረስ በርሮ ለእንግዳው ገንዘቡን መለሰ።