የተገኘ ዓረቦን ምንድን ነው? የኢንሹራንስ ዳሽቦርድስ ያለ እሱ ለምን ይሳሳታል?

አንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበርን። ግድግዳው ላይ የሥራውን ቁጥሮች የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን፣ ዳሽቦርዱ፣ ተሰቅሏል። በሐምሌ ወር ሎስ ሬሾው፣ ማለትም ካሳው ደንበኞች ለኢንሹራንስ ከሚከፍሉት ዓረቦን ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳየው ምጣኔ፣ 24 በመቶ ብሎ አረንጓዴ ነበር። በነሐሴ 150 በመቶ ብሎ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ። የካሳ ክፍል ባልደረቦች ማብራሪያ ተጠየቁ። በአንድ ወር ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ምንም አልተፈጠረም። በሁለቱም ወራት የተከፈለው ካሳ እኩል ነው፤ ወደ 1.2 ሚሊዮን ብር። (ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።) የተለየው ሽያጩ ነው። በሐምሌ የበጀት ዓመቱ ሲጀምር የትልልቅ ድርጅቶች ውል ታደሰ፤ 5 ሚሊዮን ብር ዓረቦን ተመዘገበ። በነሐሴ የተመዘገበው 800 ሺህ ብር ብቻ ነው። ስክሪኑ የወሩን ካሳ ለወሩ ሽያጭ እያካፈለ ነበር። በሐምሌ የታደሱት ውሎች ግን ስጋታቸው ገና አንድ ዓመት ሙሉ ይቀጥላል። በነሐሴ የተጋጩት መኪኖችም አብዛኞቹ ውላቸው የተፈረመው ከወራት በፊት ነው። አካፋዩና ተካፋዩ አይተዋወቁም።

ያን ቀን ስክሪኑ ላይ የጎደለው አንድ ቁጥር ነው። በወረቀት ላይ "የተገኘ ዓረቦን" ይባላል። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ኧርንድ ፕሪሚየም ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለመኪናው የዓመት ኢንሹራንስ ገባ እንበል። ዓረቦኑ 36,500 ብር ነው። መስከረም 1 ቀን ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ወጣ። ኩባንያው በዚያ ቀን 36,500 ብር ሸጧል፤ እውነት ነው። ግን 36,500 ብር ሠርቶ አግኝቷል ወይ? አላገኘም። የሸጠው የ365 ቀን ጥበቃ ነው። በቀን ሲሰላ 100 ብር ይመጣል። መስከረም 30 ሲያልቅ 30 ቀን ጠብቋል፤ ስለዚህ ያገኘው 3,000 ብር ነው። የቀረው 33,500 ብር ያልተገኘ ዓረቦን ይባላል። ገንዘቡ በኩባንያው ባንክ ቢቀመጥም በሒሳብ መዝገብ ላይ ዕዳ ነው። ደንበኛው ታኅሣሥ ላይ መኪናውን ሸጦ ውሉን ቢያቋርጥ፣ ውሉ በሚለው መሠረት የሚመለስለት ገንዘብ የሚመጣው ከዚያው ነው።

ቤት የተከራየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ የተቀበለ አከራይ ገንዘቡን በእጁ ይዟል። ግን አንድ ወር ሲያልፍ የአምስቱ ወር ገና አልተኖረበትም።

ቃሉ ራሱ ደስ ይለኛል። ዓረቦን ጥንታዊ ቃል ነው፤ በዕብራይስጥም በግሪክም ዘመዶች አሉት፤ ትርጉሙም መያዣ ማለት ነው። ቀሪው እስኪፈጸም ድረስ በቅድሚያ የሚሰጥ ነገር። የኢንሹራንስ ሰዎች ለክፍያው ይህን ስም ሲመርጡ ይህን ሒሳብ አስበው ይሁን አላውቅም፤ ግን ገጥሟል።

እንግዲህ አንድ ዓረቦን ሦስት መልክ አለው ማለት ነው። የተሸጠው አለ፤ ሪትን ፕሪሚየም የሚባለው። የተሰበሰበው አለ፤ ገንዘብ ሆኖ ባንክ የገባው። የተገኘው አለ፤ ጊዜው ያለፈለት። ሦስቱም ይጠቅማሉ። ሽያጭ እያደገ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ የተሸጠውን ይይ። ነገ ካሳ ለመክፈል ገንዘብ አለ ወይ የሚል የተሰበሰበውን ይይ። ሥራው ያዋጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ ያለው የተገኘው ላይ ብቻ ነው። ብዙ ዳሽቦርድ ላይ ያየሁት ችግር ሦስቱን "ፕሪሚየም" በሚል አንድ ስም መጥራት ነው። ስማቸው ለየብቻ ይጻፍ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው።

ወደ ቅርንጫፉ እንመለስ። በዓመት ወደ 24 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ቅርንጫፍ ነው። ውሎቹ በቀን በቀን ሲዘረዘሩ በሐምሌም በነሐሴም የተገኘው ዓረቦን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ሆነ። 1.2 ሚሊዮን ለ2 ሚሊዮን ሲካፈል 60 በመቶ ነው። በሁለቱም ወር። አረንጓዴውም ቀዩም ውሸት ነበሩ።

60ም ቢሆን ገና አላለቀም። የተከፈለ ካሳ ማለት የደረሰ ካሳ ማለት አይደለም። መኪናው ጋራዥ ቆሟል፣ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው፣ የፍርድ ቤት ጉዳይም አለ። ስለዚህ ከተከፈለው ላይ በወሩ መጨረሻ ያልተከፈለው የካሳ ግምት ይደመራል፤ በወሩ መጀመሪያ የነበረው ይቀነሳል። በዚያ ቅርንጫፍ ነሐሴ ሲጀምር 3 ሚሊዮን ብር ያልተከፈለ ካሳ ነበር፤ ሲያልቅ 3.4 ሚሊዮን ሆነ። ስለዚህ የወሩ እውነተኛ ካሳ 1.6 ሚሊዮን ነው፤ ምጣኔውም 80 በመቶ። አደጋው ደርሶ ገና ያልተነገረን ደግሞ አለ፤ እሱን የሚገምቱት አክቹዋሪዎች፣ የኢንሹራንስ ስጋት አስሊዎቹ፣ ናቸው። 80 በመቶ ከ150 በመቶ የተሻለ ይመስላል፤ ግን በላዩ ላይ ኮሚሽን፣ ደመወዝና የቢሮ ኪራይ አለበት። ያኔ ውይይቱ ቦታውን አገኘ። ማን ጥፋተኛ ነው መባሉ ቀርቶ የጭነት መኪኖች ውል ሲታደስ በስንት ይታደስ ወደሚለው ተሄደ።

የተገኘ ዓረቦን የቱን ያህል እንደሚያስፈልግ በደንብ የገባኝ ግን ከብሩ ጋር በተያያዘ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በአገራችን ከሕይወት ውጪ ባለው ኢንሹራንስ ትልቁ ዘርፍ የተሽከርካሪ ነውና ነገሩ በቀጥታ ይነካል።

አንድ መኪና በግንቦት 2016 በድሮው ዋጋ ተገምቶ ኢንሹራንስ ገባ። በጥቅምት 2017 ተጋጨ። ጥገናው የሚሠራው በአዲሱ የመለዋወጫ ዋጋ ነው። ዓረቦኑ ግን የግንቦቱ ነው፤ በቀን በቀን እየተገኘ ያለው ያው የድሮው ገንዘብ ነው። በዚያው ጥቅምት ሌሎች ደንበኞች መኪናቸውን በአዲስ ግምት አስገምተው በከፍተኛ ዓረቦን ያድሳሉ። የተሸጠውን ዓረቦን ብቻ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ላይ ይህ ትልቅ እድገት ሆኖ ይታያል። ሽያጩ ጨምሯል፤ ሎስ ሬሾውም ወርዷል። ውስጡ ግን በድሮ ዋጋ የተሸጡ ውሎች በአዲስ ዋጋ ካሳ እየበሉ ነው። የተገኘውን የሚያሳይ ዳሽቦርድ ይህን አይደብቅም። አዲሱ ዋጋ ቀስ ብሎ፣ በውል በውል፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሲገባ ያሳያል። ለእኔ የዳሽቦርድ ማሻሻያ ማለት ይህ ነው። ቀለምና ግራፍ በኋላ ይደርሳል።

እንዴት ይሰላል? ለእያንዳንዱ ውል አራት ነገር ይበቃል፦ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ዓረቦኑ፣ ዛሬ ስንት ቀን እንዳለፈው። ያለፈውን ቀን ለጠቅላላው ቀን አካፍሎ በዓረቦኑ ማባዛት ነው። ኤክሴልም ይችለዋል። ከኮምፒውተር በፊት የነበሩ ሒሳብ ሠራተኞች 24ኛ የሚባል ዘዴ ነበራቸው። በአንድ ወር ውስጥ የተሸጠው ሁሉ በወሩ አጋማሽ እንደተሸጠ ይቆጥሩና ዓመቱን በ24 ግማሽ ወር ይከፍሉታል። ዛሬም የሚጠቀምበት አለ። እኛ ጋ ግን በቀን ማስላቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ጳጉሜን አለች። በ12 ወር የተሠራ ቀመር ላይ አምስት ወይም ስድስት ቀን የት ይግባ? በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚሠራ ቢሮ ደግሞ ቀኖቹን በመረጃ ቋቱ ውስጥ በአንዱ ብቻ ያስቀምጥ፤ ለአንባቢ ሲያሳይ ይቀይር። አለዚያ 2017 የተባለው ዓመት የትኛው እንደሆነ ሲስተሙ አያውቅም፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ሾልኮ ይገባል።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መረጃው ነው። ውሉ የተፈረመበት ቀን ከሚጀምርበት ቀን ሊለይ ይችላል። ዛሬ ተፈርሞ የዛሬ ወር የሚጀምር ውል ዛሬ ያስገኘው ዜሮ ነው። በመሃል የሚመጣ ኤንዶርስመንት፣ የውል ለውጥ፣ አለ፤ ደንበኛው በስድስተኛው ወር ሌላ መኪና ቢጨምር ተጨማሪው ዓረቦን የሚዘረዘረው በቀሪው ስድስት ወር ላይ እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይደለም። የተሰረዘ ውል በቀጥታ ከሠንጠረዡ ቢጠፋ ደግሞ እስከተሰረዘበት ቀን የተገኘው ገንዘብ አብሮ ይጠፋል። ጠለፋ ዋስትናም አለ፤ ኩባንያው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የሚገባው ኢንሹራንስ ነው። ከስጋቱ ከፊሉ ለጠለፋ መድን ሰጪ ተላልፎ ከሆነ ዓረቦኑም ካሳውም ወይ የእሱ ድርሻ ሳይቀነስ ወይ ተቀንሶ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ከካሳው ድርሻው ተቀንሶ ከዓረቦኑ ሳይቀነስ ቢካፈል ቁጥሩ የሚያምር ሆኖ ይወጣል፤ የማይሆን ቁጥር ነው።

አንድ ፍተሻ ግን ብዙውን ስህተት ይይዛል። በእያንዳንዱ ውል ላይ የተገኘውና ያልተገኘው ሲደመሩ ከተሸጠው ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ያልተገኘው ድምር ደግሞ ሒሳብ ክፍል በመዝገቡ ላይ ከያዘው መጠባበቂያ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ዳሽቦርዱን ለሥራ አስኪያጅ ከማሳየት በፊት ልዩነቱን መፈለግ ነው።

ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 17፣ ስሞቹን ቀይሯል። የተሸጠ ዓረቦን የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ እንደ ገቢ አይቀመጥም፤ ቦታውን የኢንሹራንስ ገቢ ይዞታል። የአንድ ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ውሎች በሚፈቀደው ቀላል ዘዴ ግን ሐሳቡ ያው ነው፤ ገቢው ጥበቃ በተሰጠበት ጊዜ ልክ ይገባል።

የመድን ወኪል የሆነ ሰው "ይህ የኩባንያው ጣጣ ነው፤ እኔ ኮሚሽን ነው የምቆጥረው" ሊል ይችላል። በከፊል ልክ ነው። በአሜሪካ የሒሳብ ደንብ ኤኤስሲ 606 የወኪል ኮሚሽን በአብዛኛው ውሉ በሚጀምርበት ቀን ገቢ ይሆናል፤ የወኪሉ ዋና ሥራ ውሉን ማስጀመር ነውና። ግን ደንበኛው ውሉን ቢያቋርጥ ላልተገኘው ዓረቦን የተከፈለው ኮሚሽን ይመለሳል። እዚያው አሜሪካ ብዙ ኩባንያዎች ለወኪሎች በዓመት መጨረሻ ተጨማሪ ኮሚሽን የሚሰጡት የወኪሉን ሎስ ሬሾ አይተው ነው። ያ ሎስ ሬሾ በተለምዶ የሚሰላው በተገኘ ዓረቦን ነው። በሌላ ቁጥር የሚከታተል ወኪል ዓመቱን ሙሉ ቦነስ ይጠብቅና ታኅሣሥ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞችን የሚያገለግሉ ወኪሎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል። በተለይ እዚያ የግል መኪና ፖሊሲ ብዙ ጊዜ የ6 ወር ነው። አንዱ ደንበኛ ለ6 ወር 600 ዶላር፣ ሌላው ለዓመት 1,200 ዶላር ቢገቡ፣ በሽያጭ ዝርዝር ላይ ሁለተኛው እጥፍ ይመስላል። በቀን የሚያስገኙት ግን እኩል ነው።

በቀን እኩል መዘርዘር የማይሠራበት ቦታም አለ። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ጭነት ስጋቱ ዕቃው ሲራገፍ ያበቃል፤ አንድ ዓመት አይጠብቅም። ሕንፃ ሲሠራ ደግሞ መሠረቱ በሚቆፈርበት ወር የሚጎዳ ነገር ጥቂት ነው፤ ጣሪያው ሊመታ ሲል ግን ሙሉ ሕንፃው ስጋት ላይ ነው። የሰብል መድን ስጋቱ ዝናብ በሚጠበቅባቸው ጥቂት ወራት ላይ ይከማቻል። እነዚህን ከመኪና ውሎች ጋር በአንድ ቀመር ማስገባት አይገባም። ለየራሳቸው ሠንጠረዥ ይሠራላቸው፤ እንዴት እንደተዘረዘሩም ከቁጥሩ ሥር በአንድ መስመር ይጻፍ።