ዲፎልት ቴምፕሌት ምንድን ነው? ያልሆነውስ?

«ኤክሴል ላይ የጻፍኩት ቁጥር በራሱ ቀን ሆነብኝ» ላለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ሆኗል፦ «ዲፎልት ቴምፕሌትህ ተበላሽቷል፣ ኦፊሱን አጥፍተህ እንደገና ጫነው።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በሙሉ ልብ ሲመክር አየሁ። ምክሩ ስህተት ነው። ሰውየውን ግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታዋል፤ ሲጨርስም ችግሩ እዚያው ይጠብቀዋል።

ዲፎልት ቴምፕሌት አዲስ ፋይል ሲከፈት የሚቀዳበት መነሻ ነው። ፎንቱ፣ የዓምዱ ስፋት፣ የሴሉ ፎርማት (ቁጥሩ በቀን፣ በፐርሰንት ወይም በሌላ መልክ እንዲታይ የሚያደርገው) ከእሱ ይወረሳል። ኤክሴል ላይ ይህን የሚሠራው «ቡክ» (Book) በሚል ስም ኤክስኤልስታርት (XLSTART) ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ የቴምፕሌት ፋይል ነው። ይህን ፋይል ደግሞ አንድ ሰው አስቦበት ካላስቀመጠው በቀር ኮምፒውተሩ ላይ ጭራሽ የለም። የሌለ ነገር ምኑ ይበላሻል?

ቢኖርም ሥራው አዲሱ ፋይል በተወለደ ጊዜ ያበቃል። ጎተራ ያለውን የገብስ ዘር ዛሬ ብትቀይሩት ማሳ ላይ የቆመው ገብስ አይለወጥም። የመንዝ ገበሬ ገብሱ መሀል ሲናር ካየ ማሳው ውስጥ ገብቶ ይነቅላል እንጂ ጎተራውን አያፈርስም። ሲናሩ ከሰው በተበደረው ዘር ተቀላቅሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮፒ ፔስትም እንዲሁ ነው፣ «ፔስት ቫልዩስ» ካላላችሁ የሌላው ፋይል ፎርማት አብሮ ይገባል። ላይ ላዩን ቢያጭደውም ሥሩ ይቀራል፤ ዲሊት ማለት ይህ ነው። ሴል ላይ 5% ጽፋችሁ በዲሊት ካጠፋችሁ በኋላ 20 ብትጽፉበት 20% ይላችኋል፣ ምክንያቱም ዲሊት የሚያጠፋው ይዘቱን ብቻ ነው። ፎርማቱን የሚነቅለው ሆም ላይ ያለው «ክሊር ፎርማትስ» ነው።

እኛ ጋ የባሰው የቀን አጻጻፍ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ፣ ከዓለም ከተማ የሚመጣውን የወር ሪፖርት ደብረ ብርሃን ላይ ስንደምር በየጊዜው ይገጥመናል። ባለሙያው ታኅሣሥ 12 ቀን 2016ን 12/4/2016 ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ወርን የሚያስቀድመው የአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ተሞልቶበት ከሆነ ዲሴምበር 4 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደዋል፤ ውስጡ የሚያስቀምጠውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የተቆጠረ 42708 የሚል ቁጥር ነው። ቀጥሎ 25/4/2016 ሲጻፍበት 25ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ተጠግቶ የምታዩት ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ዓምድ በቀን ደርድር ቢሉት ትክክል አይደረደርም። ከተጻፈ በኋላ የዓምዱን ፎርማት ቴክስት (ጽሑፍ) ብታደርጉት 42708 ይወጣል እንጂ የጻፋችሁት አይመለስም። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት አድርጉት፤ ዓመቱንም አስቀድማችሁ 2016-04-12 ብላችሁ ጻፉ፤ በተርታ ይደረደርላችኋል። ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ የተበላው የፊት ዜሮ ኋላ ዓምዱን ቴክስት በማድረግ አይመለስም።

የሒሳብ ሰው ነኝና ይህንን ሳልል አላልፍም። ደመወዛቸው 5,365 ብር የሆነ ሁለት ሠራተኞች የ7% የጡረታ መዋጮ እያንዳንዳቸው 375.55 ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በፎርማት ከደበቃችሁት፣ ውስጡ ያለው ድምር 751.10 ስለሆነ፣ 376 እና 376 ተደምሮ 751 የሚል ፔሮል ይታተማል። ኦዲተር ፊት ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ማጠጋጋት ከተፈቀደ በ«ራውንድ» ፎርሙላ ይጠጋጋ፤ ካልተፈቀደ ሳንቲሙ ይታይ።

ጥፋቱ የእውነት የቴምፕሌቱ መሆኑን ለማወቅ ኤክሴል ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮልና ኤን ተጭናችሁ አዲስ ፋይል ክፈቱ፤ መነሻ ገጹ ላይ ያለው «ብላንክ ወርክቡክ» ቴምፕሌቱን ስለማይጠቀም አይፈትንላችሁም። አዲሱም ላይ ያው ፎርማት ከመጣ ወደ ኤክስኤልስታርት ሂዱ። «ቡክ» የተባለውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ ብታደርጉት የሚከፈተው ቅጂው ነው፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን» በሉትና አርማችሁ ሴቭ አድርጉት።