የባርከር መላምት ምንድን ነው?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር በጤና ተቋም የሚወለድ ሕፃን ወዲያው ይመዘናል፤ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ከሆነም በዝቅተኛ ክብደት እንደተወለደ ይመዘገባል። ቤተሰብ በዚያ ቁጥር የሚጨነቀው ሕፃኑ የአራስነት ወራቱን በሰላም ይወጣ እንደሆነ በማሰብ ነው። የባርከር መላምት ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፦ ሰው በማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ያገኘው ምግብና ያሳለፈው ችግር፣ በጎልማሳነቱ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ደም ሥር መጥበብ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ ነው ይላል።

መላምቱ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከዴቪድ ባርከር ነው። እርሱና ክላይቭ ኦስሞንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1921 እስከ 1925 ብዙ ጨቅላዎች ይሞቱባቸው የነበሩ አካባቢዎች፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በልብ ሕመም የሚሞት ሰው የበዛባቸውም እነርሱ መሆናቸውን አሳዩ። የልብ ሕመም የጥጋብ በሽታ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ግኝቱ እንግዳ ነበር። በ1989 ደግሞ በእንግሊዝ የሃርትፎርድሻየር አውራጃ አዋላጆችና ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ጎብኚዎች ያቆዩት መዝገብ ተመርምሮ፣ ከ1911 እስከ 1930 ከተወለዱ 5,654 ወንዶች መካከል ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው አነስተኛ የነበረው በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሞቱ ታወቀ። የእነዚያ አዋላጆች ትጋት፣ በእኔ እምነት፣ ከግኝቱ ያላነሰ ክብር ይገባዋል።

ፅንሱ ምግብ ሲያጥረው ያለውን ደም በቅድሚያ ወደ አንጎሉ ይልካል፤ ለኩላሊት፣ ለጉበትና ለጡንቻ የሚደርሰው ይቀንሳል። የኩላሊት ነገር በተለይ ሊጤን ይገባል። ደምን የሚያጣሩት ኔፍሮን የተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተሠርተው የሚያልቁት በ36ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አይተካም። ጥቂት ኔፍሮን ይዞ በተወለደ ሰው ላይ እያንዳንዱ ኔፍሮን ከድርሻው በላይ እየሠራ ስለሚጎዳ፣ ጨውን የማስወገድ አቅሙ ይደክማል፣ የደም ግፊቱም ከዓመት ዓመት ሊጨምር ይችላል፤ ያንን ግፊት እየተቋቋመ ደም የሚረጨው ልብም ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል። የደም ቧንቧ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ኤላስቲን የተባለው ፕሮቲንም በአብዛኛው የሚሠራው በፅንስነትና በሕፃንነት ነው።

ይሁን እንጂ ክብደት ምልክት እንጂ ራሱ ምክንያቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በኔዘርላንድስ በደረሰው ረሃብ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ደህና ነበር፤ ካደጉ በኋላ ግን የልብ ደም ሥር ሕመም በብዛት ታየባቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተፀነሰው የሐረርጌ ትውልድ ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የልብና የደም ግፊት ሕመም መታየት የሚጀምርበት ዕድሜ ይህ ነው።

ከተወለዱ በኋላ ያለው ዕድገትም ይቆጠራል። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1944 በተወለዱ 8,760 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡት ሲወለዱ ትንንሽ የነበሩ፣ በሁለት ዓመታቸው የከሱ፣ ከዚያ ወዲያ ግን በፍጥነት የወፈሩት መሆናቸውን አሳይቷል። በገጠር በችግር ተወልዶ ድሬዳዋ የሚያድግ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ዘይት የለመደ ልጅ ወደዚህ መንገድ የቀረበ ነው። የከሳ ሕፃን በሁለት ዓመቱ ውስጥ በጡት ወተትና በተመጣጠነ ምግብ ሊካስ ይገባዋል፤ ዘግይቶ በጣፋጭ ማወፈር ግን ያንን አይተካም።

ይህ ሁሉ እናትን ለመውቀስ መዋል የለበትም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋና የደም ሥርን ስለሚያጠብ ነፍሰ ጡር ባትቅም ይመረጣል፤ ነገር ግን የፅንሱን ድርሻ የሚቀንሱት ከባድ ሥራ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ወባ በእርሷ ፈቃድ የሚመጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተው ወረርሽኝ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ወባ ደግሞ የእንግዴ ልጁን በመጉዳት የሕፃኑን ክብደት ይቀንሳል።

መላምቱ የሚናገረው ስለ ዕድል ከፍና ዝቅ ማለት ነው። በዝቅተኛ ክብደት የተወለዱ ብዙ ሰዎች ልባቸው ጤነኛ ሆኖ ያረጃሉ፤ ሲወለዱ ትንሽ እንደነበሩ የሚያውቁ ሰዎች ግን ይህንኑ ለሐኪማቸው ቢነግሩ፣ የደም ግፊታቸውን በወጣትነታቸው ማስለካት ቢጀምሩና ጨው ቢቀንሱ፣ ኩላሊታቸው ከመድከሙ በፊት ችግሩ ሊደረስበት ይችላል።