የተጣለ ሞባይል ሆምን ማን ያነሣዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት በገጠር መንገድ የተጓዘ ሰው ጣሪያቸው የዘመመ፣ መስኮታቸው የረገፈ፣ ቁጥቋጦ የዋጣቸው ሞባይል ሆሞች ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በጎማ እየተጎተቱ የሚመጡት እነዚህ ቤቶች ዞር ብሎ የሚያያቸው ሲያጡ የእሳትና የአይጥ መናኸሪያ ይሆናሉ። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ካውንቲዎች፣ ማለትም በሥሩ ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ እንዲያስወግዷቸው የሚያስችል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከዚህ በታች የሚገለጸውም ያ ሕግ እንደወጣው ነው። ስለ ጉዳዩ በሰው አፍ ከሚዘዋወረው ውስጥ ግን ሰውን ቤት አልባ ሊያደርግ የሚችል ስሕተት አለ።

“ባዶውን የቆየ ቤት ሁሉ የተጣለ ነው።”

አይደለም። ሕጉ ሁለት ነገሮች አብረው እንዲገኙ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ቤቱ ባዶ መሆን ወይም ከባድ ጥገና የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለሕዝብ ጤና፣ ለደህንነት ወይም ለአካባቢ ከመጠን ያለፈ አደጋ መሆን አለበት። ባለቤቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሄደ የተዘጋ ደህና ቤት በዚህ ሕግ አይነካም። እርጅናም ብቻውን ጥፋት አይደለም። የፌዴራሉ የግንባታ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1976 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩት በዚያ ደረጃ አልተሠሩም፤ ይህ ግን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይሆንም።

“መሬቱ የእኔ ከሆነ ቤቱም የእኔ ነው።”

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞባይል ሆም እንደ መኪና ሊብሬ ያለው፣ በተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት የሚመዘገብ ንብረት ነው። ጎማውና መጎተቻው ተነሥቶ በባለቤቱ መሬት ላይ በቋሚ መሠረት ሲተከልና ሊብሬው ሲመለስ ነው የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሆነው። ሰዎች ቦታ ተከራይተው ሞባይል ሆማቸውን በሚያቆሙበት የኪራይ መንደር ውስጥ መሬቱ የአንድ ሰው፣ ቤቱ የሌላ ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሞባይል ሆም ያረፈበት መሬት የምትገዙ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን ሊብሬ ጠይቁ።

“ካውንቲው በፈለገ ቀን መጥቶ ይጎትተዋል።”

በፍጹም። በ2008ቱ የሰሜን ካሮላይና ሕግ ካውንቲው ምክንያቱን ዘርዝሮ ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ማስታወቂያው ከደረሰ ከ10 ቀን ባላነሰ፣ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ቀርቦ የሚከራከርበት ችሎት ይደረጋል። ቤቱ የተጣለ ነው ከተባለ ባለቤቱ ራሱ እንዲያስወግደው 90 ቀን ይሰጠዋል። ይህን ችላ ካለ ብቻ ነው ካውንቲው ወደ ቦታው የሚገባው።

ይህን ሥርዓት እንደ ቢሮክራሲ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን አጥብቄ እደግፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኩክ ካውንቲ ውስጥ፣ የአንድ የኪራይ መንደር ባለቤት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ የአንድን ቤተሰብ ሞባይል ሆም ከነቧንቧው ነቅሎ አስጎተተ። የሸሪፉ (የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ) ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ቤቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመለስ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ እንዲህ ያለው ድርጊት፣ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት የሰው ንብረት እንዳይዝ በሚከለክለው በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሥር የሚታይ የንብረት መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ በግብር ዕዳ ቤት ስለመሸጥ በቀረበ የአርካንሳስ ጉዳይ፣ የማስታወቂያው ደብዳቤ ሳይወሰድ ተመልሶ ከመጣ መንግሥት ሌላ ምክንያታዊ እርምጃ መሞከር አለበት ብሏል። ለድሃ ሰው ያችው ቤት ያለችው ብቸኛ ሀብቱ ልትሆን ትችላለች፤ ደብዳቤው ደርሶታል ተብሎ ብቻ መታለፍ የለበትም።

“ጎማ ስላለው ጎትቶ መጣል ነው።”

ለዓመታት የቆመ ሞባይል ሆም ሲነካ ሊፈርስ ይችላል። ካውንቲው ሲያስወግደው የቴርሞስታቱን ሜርኩሪ መለየት፣ ጥቅም የሚሰጠውን ብረትና ሌላ ዕቃ ማውጣት፣ የቀረውን በተገቢው ቦታ መጣል አለበት።

“መንግሥት ስለሚከፍል ባለቤቱ ዝም ቢል ይሻለዋል።”

በዚያ ሕግ የተጣሉ ሞባይል ሆሞችን የማስወገድ ፕሮግራም መጀመር ለካውንቲው ምርጫ የተተወ ነው። በጀመረበት ቦታ ደግሞ ወጪው ባለቤቱን ይከተላል። ካልከፈለም በካውንቲው ውስጥ ባለው መሬት ላይ የዕዳ መያዣ ይመዘገብበታል።